የዘሊካ የወር ዋጋ

ባሕር ዳር ውስጥ ዘሊካን ስስታም የማይላት የለም። ሦስት ወር የሚቀመጥ ሰው ቢመጣ እንኳ ሒሳቡ የአዳር ነው፤ ንቅንቅ አትልም። እኔ ጎረቤቷ ስለሆንሁ ይህን ሐሜት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም።

ባሏ ሳሊህ ታንኳ ሠሪ ነበር። ሲሞት የተረፋት የታንኳውን ደንገል ይከምርባት የነበረች፣ በሯ ወደ ሐይቁ የሆነ አንዲት ክፍል ናት። እሷን ጠርጋ ማከራየት ጀመረች። ከቁንዝላ ዓሣ፣ ከዘጌ ቡና ይዘው ለቅዳሜ ገበያ የሚመጡ ሰዎች ያድሩባታል። በጣሊያን ጊዜ ለአዳር አንድ ሊሬ፣ ለወር ግን አሥር ሊሬ ብቻ ታስከፍል ነበር። "የአዳሩ ጭቃውን ትቶልኝ ይሄዳል፤ የወሩ ጣሪያዬን ይጠግንልኛል" ትላለች። ለወር ተከራይ አንድ ምራቂ አለው፤ የራሱ ገንቦ። እሷው ውኃ ሞልታ ከበሩ በስተቀኝ ታስቀምጥለታለች። የአዳር እንግዳ ግን ከእሷ ቤት ገብቶ ይጠጣል። ስለዚህ ገንቦ በሩ ላይ ከታየ ክፍሉ በወር ተይዟል ማለት ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ትእዛዝ ወጣ። ለገበያ መጥቶ የሚያድረውን ማንም አይጠይቀውም፤ በወር የተከራየ ግን ቢሮ ቀርቦ ስሙንና አገሩን ማስጻፍ አለበት።

አንድ ሐሙስ ቀን መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ሰው ከዱርቤቴ በኩል እያነከሱ መጡ። "እሾህ ወግቶኝ ነው" አሉ። ዘሊካ ቁስሉን ስታጥብላቸው የጥይት መሆኑን አየች፤ ግን እንደ እሾህ ቁስል አድርጋ አሰረችላቸው። አራት ሌሊት በአዳር ሒሳብ ከፍለው አደሩ። ሰኞ ዕለት በኩታቸው ጫፍ የቋጠሯትን ገንዘብ ፈትተው አሳዩአት።

"እመት ዘሊካ፣ የቀረችኝ አሥራ አንድ ሊሬ ናት። ይህች ስታልቅ እሄዳለሁ። እግሬ ግን ገና ነው።"

"በዚህ እግር የት ሊሄዱ?" አለቻቸው። "በወር ይሁንልዎ፤ አሥሩን ይስጡኝ። ለሰው ግን የአዳር እንግዳ ነዎት። እኔም አላስጽፍዎት፣ እርስዎም ከቤት አይውጡ።"

አንጀቷን በልተዋት ነው። ማን ቢጠይቃት ምን እንደምትል ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር። ማክሰኞ ጧት ግን ሐይቅ ወረደች፤ ገንቦ ሞላችና እንደ ወትሮዋ ከበሩ በስተቀኝ አስቀመጠችው። ለዓመታት የለመደ እጇ ነው ያስቀመጠው። እኔም አይቼው አልፌያለሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ረቡዕ አካሉ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። አካሉ እዚሁ ሰፈር አብሮን አድጎ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ነው።

"ዘሊካ፣ የወር ተከራይ አለሽ። መዝገብ ላይ ግን የለም።"

"የአዳር እንግዳ ነው" አለች።

"ታዲያ ገንቦው?"

መሪጌታው እያነከሱ ከውስጥ ወጡ። "ገንቦውን ለምኜ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም" አሉ። ወታደሮቹ እግራቸውን ገልጠው አዩና ይዘዋቸው ሄዱ። ዘሊካን በጥፊ መትተው ተዉአት። ቅዳሜ ገበያው መሐል ሰቀሏቸው።

ዘሊካ ገንቦውን ውኃው እንዳለበት ወደ ቤቷ አስገባችው። ክፍሏን ቆለፈች። የገበያ ሰው ማደሪያ ሲለምናት "ተይዟል" ትል ጀመር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመሪጌታው እኅት ወለተ ሩፋኤል ወሬውን ሰምታ መጣች። ዘሊካ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ የገንቦውንም ነገር አልደበቀችም። ወለተ ሩፋኤል ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ዘሊካን አልረገመቻትም፤ ይቅርም አላለቻትም። ቀኑ መሽቶ ስለነበር ግን ሌላ መሄጃ አልነበራትም።

"ለአዳር ስንት ነው፣ እናቴ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ወንድምሽ ከፍለዋል" አለች ዘሊካ ቁልፉን እየሰጠቻት። "የወር ከፍለው ሁለት ሌሊት ነው ያደሩት። ወራቸው ገና አላለቀም፤ እደሪበት።"