ከኋላ ጎማ ሥር ያለው ድንጋይ

ባለፈው ወር ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዳገቱ መሃል ቆመ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ በመስኮት ገባ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠው። ድንጋዩ አስፋልቱን ሲፍቀው ድምፁ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ያጉረመርማል፣ ሾፌሩ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ያፈሳል፣ እኔ ያንን ድንጋይ እያየሁ ጓደኛዬን አስብ ነበር። ለብዙ ዓመት አስቤው አላውቅም ነበር።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። እሱ የአይሱዙ ሾፌር ልጅ ነው፤ አባቱ ከጉና ሥር ድንች እየጫኑ ወደ ባሕር ዳር ያመላልሱ ነበር። እኔ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ በቤታችን ጎማ ያለው ነገር አንድም አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ የምንሄደው ገበያው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ነበር። አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ክፍል ለትልቋ ልጃቸው ሰጥተዋት፣ እሷ ስድስት ኮምፒውተር ደርድራበት ነበር። እትዬ ነበር የምንላት። ክፍሉ አዲስ አቡጀዲና የጋለ አቧራ ይሸታል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍብን በደብተር እንጋርደዋለን። እትዬ ለአሱር ሶላት ስትነሳ ድምፅ እንድንቀንስ በጣቷ ብቻ ታመለክታለች፣ እኛም ፀጥ እንላለን።

የምንጫወተው ጌም የሚጀምረው ዓለም ካለቀ በኋላ ነው። ከተማው ፈርሷል፣ የተረፈው ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ይዞራል፤ ያ የተረፈ ሰው ደግሞ ከየአገሩ የሚጫወት፣ ፊቱን የማናውቀው ሰው ነው። ብዙው በእግሩ ነበር የሚሄደው። መኪና እንዲኖርህ ከፈለግክ ሜዳ ላይ የተጣለ የመኪና ቀፎ ትፈልጋለህ፣ ጎማውን ከአንድ ቦታ፣ ባትሪውን ከሌላ፣ ራዲያተሩን ከሌላ ትለቅማለህ፣ ናፍታውን በጀሪካን ትሸከማለህ። መኪናዋ ከተሟላችም በኋላ ጣጣው አያልቅም። አንተ ጌሙን ዘግተህ ስትወጣ እሷ ያቆምክበት ቦታ ዝናብ እየመታት ትቀራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተሯ ካልተነሳ ደግሞ ዝገት በልቷት ከጌሙ ትጠፋለች።

አንዲት የጭነት መኪና ለማሟላት ክረምቱን ሙሉ ፈጀብን። የሁለታችንም ስም በባለቤትነት ተጻፈባት። ሾፌሩ እሱ ነበር። ምን ልበልህ፣ አባቱ የሚያደርጉትን አንድ ሳያስቀር ያደርግ ነበር። ከመነሳቱ በፊት ዞሮ አራቱንም ጎማ ያያል። ያማትባል፤ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ። ሲያቆማት ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፣ እስኪበርድ ይጠብቃል። ከዚያ ወርዶ ድንጋይ ይፈልግና ከኋላ ጎማ ሥር ያደርጋል። ጌሙ ይህንን አይጠይቅም፤ የእጅ ፍሬን ከተያዘ መኪና ንቅንቅ አትልም። በዚህ አያያዝህ መንጃ ፈቃድም ይሰጡሃል እያልኩ እስቅበት ነበር።

«የእጅ ፍሬን አምኖ የተኛ ሾፌር የለም» ይለኛል ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

አንድ ቀን ራዲያተሯ ፈንድቶ ቁልቁለት ላይ ቆመችብን። በእኛ አገር መኪና ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ፤ ቅጠል ተቆርጦ ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ ይጣላል፣ የሚመጣው ሾፌር አይቶ ቀስ ይላል። እሱም ዛፍ ቆርጦ ቅጠሉን ከኋላችን መንገዱ ላይ ደረደረ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች ያንኑ ቅጠል ተከትለው መጡ። ለእነሱ የተበላሸ መኪና እዚህ አለ የሚል ማስታወቂያ ሆኖላቸው ነበር። ሁለታችንንም ገድለው ጎማዎቹን ፈትተው ሄዱ። የአንድ ወር ልፋታችን ነበር። ተናድጄ ጠረጴዛውን ስመታው እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ ኮምፒውተሩን እንዳልሰብርባት አስጠነቀቀችኝ። እሱ አልተናደደም። ቅጠሉ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም ማለት ነው አለ፣ በቃ።

ጎማዎቹን እንደገና ለቅመን እንደገና ስትበላሽ፣ አሁንም ሄዶ ቅጠል ቆረጠ። ዛሬም እንዲገድሉን ነው ወይ አልኩት።

«የሚያውቅ ሰው ቢመጣስ?» አለኝ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስን እኔ ደቡብ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። የእሱ አባት ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መሪውን ለልጃቸው ለቀቁ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ፣ ሻንጣዬንም አውቶቡሱ ጣራ ላይ የጫነልኝ እሱ ነው። ወርዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ከእንግዲህ ኑሮው መንገድ ለመንገድ ስለሆነ ኮምፒውተር እንደማያገኝ ነገረኝ።

«በሁለት ሳምንት አንድ ቀን አስነሳት። አደራ» አለኝ።

እሺ አልኩት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም በመስኮቱ በኩል አደራ ሲል አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ሦስት ጊዜ አስነሳኋት። አራተኛው ከፈተና ጋር ተጋጨብኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተጋጨብኝም፣ ዝም ብዬ ተውኩት። ሲደውልልኝ አስነስቻታለሁ እለው ነበር።

«ድንጋዩንስ?» ይለኛል።

«አድርጌያለሁ» እለዋለሁ። ጎበዝ ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

ውሸቱ አልከበደኝም። ጌም ናት፣ ጠፍታለች፣ አንድ ቀን እነግረዋለሁ እል ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጉና ላይ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት የእሱ አይሱዙ መንገድ ላይ ተበላሸች። ረዳቱን መኪናዋ ዘንድ ትቶ፣ ቅጠል ሊጥል ወደ ኋላ ሲሄድ ከጭጋጉ የወጣ መኪና ገጨው። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ በሠልስቱ ደረስኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። አባቱ ድምፄን ለይተው እጄን ያዙና አንተ አለህልኝ አሉኝ። አላለቀስኩም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚወጉት መርፌ አፍ እንደሚያደነዝዝ፣ ሞቱ እኔንም እንዲያ አደረገኝ። ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፤ ድንዛዜው ግን አልለቀቀም፣ እኔም እንዲለቀኝ አልፈለግኩም።

ሚኒባሱ ውሃውን ጠጥቶ ተነሳ። ደብረ ታቦር የመጣሁት የልደት ካርዴን ለማውጣት ነበርና ማመልከቻዬን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ገበያው ጋ ስደርስ እግሬ ወደ እትዬ ቤት ወሰደኝ። መነጽር አድርጋለች። ኮምፒውተሮቹ የሉም፤ ፎርም ትሞላለች፣ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች። የጠፋ ሰው ብላ ሳመችኝ። መጋረጃው ጀርባ ግን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቀርቷል። ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይሠራል አለችና መጋረጃውን ገለጥ አደረገችልኝ።

ጣቶቼ ፓስዎርዱን አልረሱትም ነበር። ባዶ ቁልቁለት አያለሁ ብዬ ነበር የከፈትኩት። መኪናዋ ግን ቆማለች። እዚያው ጓደኛዬ በመጨረሻ ያቆማት ቁልቁለት ላይ፣ ድንጋዩ ከኋላ ጎማዋ ሥር እንዳለ። መዝገቧን ስከፍተው ለመጨረሻ ጊዜ ያስነሳት ሰው ተብሎ የጓደኛዬ ስም ተጽፏል፤ ከአራት ቀን በፊት። ቀኑን ደግሜ አነበብኩት።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ከኋላዬ።

ጓደኛዬ እኔን መናኸሪያ ሸኝቶ ሲመለስ እሷ ዘንድ ገብቶ ስሙንና ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል። እንዴት እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሚጠበቅ፣ ድንጋዩ የት እንደሚደረግ አሳይቷታል።

«ትምህርት ስለሚበዛብህ ትረሳለህ ብሎኝ ነበር። እንዳልቆጣህም ነግሮኛል» አለችኝ።

በሳምንት አንድ ቀን ታስነሳታለች። በሕይወት ሳለ ለእሱም ስልክ እየደወለች፣ መዝገቧ ላይ የእኔ ስም አለመታየቱን ጭምር ትነግረው ነበር። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት አዲስ አበባ ላለችው እህቷ ደውላ፣ መኪናዬን አስነሱልኝ ትላለች፣ የእህቷ ልጅ ያስነሳል። ይህንን የሰሙ ደንበኞች አዲስ አበባ መኪና ገዝታለች ብለው አወሩባት። ይህንን ስትነግረኝ ትንሽ ሳቀች።

እኔ የማስበው ስልኩን ነበር። አድርጌያለሁ ስለው መዋሸቴን ያውቅ ነበር። እያወቀ ድንጋዩንስ ይለኛል፣ እያወቀ ጎበዝ ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም። ያኔ ድንዛዜው ከአንድ ጥግ በኩል ለቀቅ አለ፣ አመመኝም።

ዞሬ አራቱንም ጎማ አየሁ። ድንጋዩን አነሳሁ። ሞተሩ በዚያ በተሰነጠቀ ስፒከር እያጓራ ተነሳ። ቁልቁለቱን ትንሽ ወርጄ፣ ዞሬ መለስኳትና ቦታዋ ላይ አቆምኳት። እስኪበርድ ጠብቄ አጠፋኋት። ከዚያ እንደ ልማዴ ጌሙን ልዘጋ ማውሱን ወደ ጥጉ ወሰድኩ።

«ድንጋዩንስ?» አለች እትዬ።

ማውሱን መለስኩ። ወርጄ፣ ድንጋዩን ካስቀመጥኩበት አንስቼ ከኋላ ጎማ ሥር አደረግኩት።

«አድርጌያለሁ» አልኩ።

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየችና ወደ ፎቶ ኮፒዋ ተመለሰች።