ነሐሴ ላይ የጎደለው ወንዝ

አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። የመርከብ ጉዞ የሸጠችልን ሴት ወንዙ በዚያ ወር እንደሚጎድል እያወቀች ዝም ብላ ሸጠችልን። ጓደኛዬ መርከብ ብላ ከቤቷ ወጥታ አውቶቡስ ላይ ተጫነች። በደል ትንሽ ትልቅ የለውም፣ ይጻፍ።

ጓደኛዬ ከአገር ርቀን ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ሕንፃ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው። ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ስትገፋ ኖራ ጉልበቶቿ አልቀዋል፤ ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለወጣል። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ክንዴን ይዛ በቴሌቪዥን ስላየችው የራይን ወንዝ መርከብ ነገረችኝ።

"እስቲ አስቢው፤ አንቺ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ከተማው ራሱ እየመጣ ያልፍሻል! ሻንጣሽን አንዴ ትፈቺና በቃ። ለእኔ ጉልበት የተሠራ ነገር እኮ ነው!"

ተራሮች ወንዙን ከግራና ከቀኝ አጥብበው የያዙበት፣ በየአፋፉ የድሮ መሳፍንት ግንብ የቆመበት ቦታ አለ። እሱን ከመርከቡ ላይ ሆና ሳታይ እንደማትሞት ማለችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። በሰባ ዓመቴ እንደ ልጅ ቀን እቆጥር ጀመር።

ከእኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ቢሮ ከፍታ ትኬት የምትሸጥ የአገራችን ልጅ አለች፤ እሷ ጋ ሄድን።

"በግንቦት መጨረሻ ወይ በሰኔ ቡክ ላድርግላችሁ እማማ?" አለችኝ።

ሳቅሁባት። "ልጄ፣ እኔ ጎጃም ወንዝ ዳር የተወለድሁ ነኝ። በግንቦት ወንዝ ድንጋዩ ይቆጠራል፤ መርከቡ በምን ላይ ሊሄድ ነው? ወንዝ የሚሞላው በነሐሴ ነው። የእኛ ወንዝ ሲሞላ ስንት ሳምንት ከገበያ ያስቀረን ነበር! ፍልሰታ እንደተፈታ አድርጊው። ጾም አይኖርብን፣ ውሃውም ጢም ብሎ ይጠብቀናል።"

"ስለ ወንዝ ከእሷ ጋር እንዳትከራከሪ፣ ታሰምጥሻለች!" አለቻት ጓደኛዬ። ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፣ አተመች፣ እኛም ፈረምን።

ፍልሰታ ተፈታና በረርን። አምስተርዳም ላይ መርከቡን ሳየው ጮህሁ፤ የእኛን ሕንፃ በጎኑ ያስተኙት ይመስላል! የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጓደኛዬ እንዳለችው ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለን ጀርመን እየመጣ አለፈን። አሸዋ የጫኑ ረጃጅም ጀልባዎች በአጠገባችን ይሄዳሉ፤ አንዱ ላይ እዚያው የሚኖረው ቤተሰብ መኪና ቆሟል፣ የታጠበ ልብስም ተሰጥቷል። ልብሱን የምታሰጣው ሴት እጇን አውለበለበችልን። ድልድይ ሥር ስንገባ ጓደኛዬ እልል አለች፤ ድልድዩ እልልታውን መለሰላት። ከዚያ በኋላ ድልድይ በመጣ ቁጥር ፈረንጆቹ ዞር ብለው እሷን መጠበቅ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ወንዙ መካከል ዳክዬዎች ቆመው አየሁ። እየዋኙ አይደለም፣ ቆመዋል። ወዲያው ዳርቻውን ሳስተውል ነጭ ጠጠር ወጥቷል፤ ሰዎች ወንዙ ውስጥ መሆን በነበረበት አሸዋ ላይ ፎጣ አንጥፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። መርከባችንም በጨለማ ቤት ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው ቀስ እያለ ይሄዳል።

በማግስቱ ምሳ ላይ ካፒቴኑ ራሱ ወደ እኛ መጣና ለሁሉም ተናገረ። ጓደኛዬ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላታል፤ እየሰማች ትነግረኛለች።

"ጠባቡ ቦታ ላይ ውሃው ለዚህ መርከብ አይበቃም አለ። ነገ ሻንጣችንን በር ላይ እናወጣለን። አውቶቡስ ወስዶ ከጠባቡ ቦታ ማዶ ያደርሰናል። እዚያ ልክ እንዲህ ያለ ሌላ መርከብ ይጠብቀናል።" ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ጠባቡ ቦታ ማለት የእሷ ቦታ ነው።

እጄን አነሣሁ። "ጠይቂልኝ፤ በነሐሴ ወንዝ እንዴት ይጎድላል?"

ካፒቴኑ ጠረጴዛችን ድረስ መጣና ወረቀት ላይ ተራራ ሣለ፣ ተራራው ላይ በረዶ ሣለ። ወንዙ የሚጠጣው ከዚያ በረዶ ነው። በእነሱ ጸደይ ቀልጦ እስከ ሰኔና ሐምሌ ውሃው ደህና ይሆናል፤ በበጋቸው መጨረሻ በረዶውም አልቆ፣ ዝናብም ካልጣለ ወንዙ ይከሳል። ብድግ አልሁ! "የእኛ ተገላቢጦሽ ነዋ!" አንዲት ነሐሴ የእኛን ወንዝ አፉ ድረስ ሞልታ የእነሱን ታደርቃለች! ይህን ሳላውቅ ሰባ ዓመት መኖሬ ገረመኝ፤ ንዴቴን ለጊዜው ረሳሁት።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "ይህን ስንት ሰው ያውቃል?"

"ወንዙ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ጉዞውን የሚሸጥም ያውቃል" አለ ካፒቴኑ። "በየዓመቱ ግን እንዲህ አይጎድልም።"

የሚሸጥም ያውቃል። ይቺን ቃል ያዝኋት።

የአውቶቡሱ ደረጃ ሦስት ነው፣ ያውም ረጃጅም። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ በየደረጃው እየተቀመጠች ወደ ኋላዋ ወጣች፤ እኔ ከሥር እገፋለሁ።

"ቀስ በይ እንጂ! እኔ ሻንጣ ነኝ እንዴ?"

"ሻንጣማ ጎማ አለው!"

መንገዱ ወንዙን ትቶ በአውራ ጎዳና ሄደ። በግራም በቀኝም የመኪና ድምፅ የሚከለክል ረጅም ግንብ ብቻ። "ቤልትዌይ!" ብላ በሰፈራችን የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ስም ጠርታ ጮኸች፤ "ውቅያኖስ ተሻግሬ ቤልትዌይ ላይ ነኝ!" እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በኋላ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሌላው መርከብ ጋ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የቀረው ጉዞ ደስ የሚል ነበር፤ አልዋሽም። እኔ ግን ያንን ዝምታ ይዤ ነው ሲልቨር ስፕሪንግ የገባሁት።

በማግስቱ ለልጅቷ ኮል አደረግሁ። "ወንዙ እንደሚጎድል ታውቂ ነበር?"

"እማማ፣ ውሉ ላይ አለ እኮ፤ የውሃ ነገር የእግዚአብሔር ሥራ ነው ይላል።"

"እግዚአብሔር የሠራውን ለእሱ ተዪለት። እኔ የምጠይቀው አንቺ የሠራሽውን ነው።"

ደንበኛ መጣብኝ ብላ ዘጋች። በቀዩ የባቡር መስመር ሄጄ፣ በቢጫው ቀይሬ አሌክሳንድሪያ ሄድሁ። የመርከቡ ኩባንያ የላከውን የይቅርታ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ደብዳቤውን መለስሁላት። "ይቅርታ ጻፉልኝ አላልሁም። ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም?" ኩባንያው እንዲህ፣ ኩባንያው እንዲያ አለች። ሳምንቱን ጠብቄ ጓደኛዬን አስከትዬ ተመለስሁ።

"ተይው በናትሽ፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት" ትለኛለች በመንገድ ላይ።

"የራሴ ቢሆን እተወው ነበር። ያንቺን ግን አልተውም።"

"መቼ ነው የራስሽን ትተሽ የምታውቂው?"

ገብተን ተቀመጥን። ጥያቄዬን ደገምሁ፤ ቃሉን እንኳ አልለወጥሁም። ልጅቷ ስልኳን ገለበጠች፣ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተነሥታ መጣችና አጠገባችን ተቀመጠች።

"አውቅ ነበር እማማ" አለች። "ሰኔ ይሁን ያልኩዎት ለዚያ ነው።"

"ታዲያ አፍሽን ምን ያዘው?"

ጓደኛዬን አየቻት፣ ከዚያ እኔን።

"እርስዎ ነዎታ! እንደዚያ እርግጠኛ ሆነው ሲናገሩ 'ተሳስተዋል' የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። የገዛ አያቴንም እንደዚያ ብያት አላውቅም። ፈራሁዎት፣ እማማ።"