አፉን ያልከፈተው አስተማሪ

ሲስተር ሙሉመቤት ከጎጃም በነርስነት ተመድበው ሲመጡ ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ እዚያው ቀሩ።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጎረቤታቸው ረዲያ ሱቋን ዘግታ፣ "እትዬ ሙሉ፣ ይምጡ ፊልም እንይ" አለቻቸው። የጦርነት ዘመን ፊልም ነው። ጨካኝ መንግሥት ከተማውን ይዟል፤ ወጣቶች በየምድር ቤቱ ተደብቀው ይታገሉታል። አንዱ ተያዘ። መርማሪው የጓደኞችህን ስም ተናገር እያለ ሲገርፈው ሲስተር ሙሉመቤት ብድግ አሉ። ተቀመጡ። እንደገና ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

"አመመዎት እንዴ?" አለች ረዲያ።

"አይ፣ እግሬ ደንዝዞ ነው።"

ልጁ ይናገር አይናገር ሳያዩ ወጡ።

በደርግ ጊዜ፣ በቀይ ሽብር ሰሞን፣ ከጤና ጣቢያው ፋሻና መድኃኒት በነጠላቸው ሸፍነው እያወጡ ለተደበቁ ቁስለኞች ይልኩ ነበር። ይህን የሚያውቀው እየተቀበለ የሚያደርሰው ገብረጻድቅ የሚባል የበደሳ ልጅ፣ አስተማሪ፣ ብቻ ነበር። እሱ ሲያዝ ሙሉመቤት ልብሳቸውን ሳያወልቁ መተኛት ጀመሩ። መኪና ባለፈ ቁጥር ይባንናሉ። ማንም አልመጣባቸውም። ገብረጻድቅ ግን ከእስር ቤት በሕይወት አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት የበደሳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ልውረድና ልመለስ እያሉ ከራሳቸው ሲሟገቱ ደረሱ። የገብረጻድቅን እህት ሰርካን አይተዋት አያውቁም፤ ጠይቀው አገኟት። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቡና ታገላብጣለች። የወንድሟን ስም ሲያነሱ እጇ ቆመ።

"ስለ እሱ ማንም ጠይቆን አያውቅም። ጓደኞቹን አስይዞ ሞተ ተባልን። እናቴ አንገቷን እንደደፋች አለፈች።"

ሲስተር ሙሉመቤት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ይህን ወሬ ሰምተው አያውቁም።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"የቀበሌው ሰው። በስብሰባ ላይ።"

"ውሸት ነው። የኔን ሥራ ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንዲት ቃል ቢተነፍስ እኔን ነበር የሚወስዱኝ። ይኸው ሰባ ዓመት ሞላኝ።"

ሰርካ ነጠላዋን አነሳች።

"ለኔ ብቻ ነግረውኝ አይሂዱ" አለች።

ተያይዘው ከጎረቤት ጎረቤት ዞሩ። ሲስተር ሙሉመቤት በየደጁ ቆመው ያንኑ ደገሙ። በዚያ ስብሰባ የነበሩት ሽማግሌው አቶ ጅብሪል ሰምተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እኔም አምኜው ነበር" አሉ።

የጭሮው ሚኒባስ አመለጣቸው፤ ሰርካ ቤት አደሩ።