ለእናኑ ያቀበልኩት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቶቼ ሲለዋወጡ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ፣ ይህችን ብቻ ምላሴ ሥር ይዤ ኖሬአለሁ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። አርጅቻለሁና የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ታገሡኝ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። እኛ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር እንኖር ነበር። ጣሊያን ቡሬ ላይ መሽጎ፣ ባለቤቴና የጎረቤቴ የእናኑ ባል ቢያድግልኝ አብረው ጫካ ገብተዋል። ክረምቱ አልቆ ጳጉሜን ደረሰች። በሩፋኤል ቀን ሰማይ ተከፍቶ ጸሎት ሁሉ ያለ ከልካይ ይገባል ይባላል፤ እኛም ዝናቡ ውስጥ ቆመን ለመጪው ዓመት የምንሻውን እንለምናለን። የሚለመንለት ሰው ግን በክርስትና ስሙ መጠራት አለበት።

እናኑ የባሏን የክርስትና ስም አታውቅም ነበር። ሰው እንዳያስደግምበት ፈርቶ ለሚስቱም አልነገራት። ያጠመቁት አባቴ ናቸው፤ ቄስ ነበሩ፣ ያን ጊዜ ታመው ጓዳ ተኝተዋል። እናኑ በሩ ላይ ቆመች።

«እስቲ ጠይቂልኝ፣ እህት ዓለም። እኔ የማውቀው የፈረስ ስሙን ነው። ‹አባ ደምስስን ጠብቅልኝ› ብል እግዜር ፈረሱን ብቻ ጠብቆ ይልክልኛል!»

እየሳቅሁ ገብቼ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«የቢያድግልኝ? ወልደ ገብርኤል ነዋ» አሉኝ።

ወጣሁና «ኃይለ ማርያም» አልኳት። ኃይለ ማርያም የእኔ ባል የክርስትና ስም ነው፤ እሱም ከእኔ በቀር ለሰው አይናገረውም ነበር።

ለምን እንዲህ አልኩ? እናኑ ጸሎቷ ይሰማላታል ትባል ነበር። እኔ ዳዊት ስደግም ልቤ ገበያ ይዞራል፤ እሷ ፊደል ሳትቆጥር «አንተዬ» ብላ ስትጀምር የሰማ ሁሉ ያለቅሳል። ያ ጸሎት ለእኔ ባል ቢሆንስ? ሁለት ሴቶች አንድ ስም ቢጠሩ ምን ይሆን? ይህን ለማየት መጓጓቴን አስታውሳለሁ። የእሷ ባል ያለ ለማኝ እንደሚቀር አላሰብኩም ነበር? አስቤአለሁ። አስቤ ነው ያልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ።

በሩፋኤል ዝናብ ጎን ለጎን ቆምን። ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ እጇን ዘርግታ የእኔን ባል ስም እየጠራች አለቀሰች። እኔም ያንኑ ስም ጠራሁ።

መስከረም አንድ ቀን በአባቴ ቦታ የሚያገለግሉት ቄስ ዘመነ ሉቃስ መግባቱን አውጀው «ዓመቱን የሰላም ያድርግልን» ሲሉ፣ ከሁሉ አብልጬ «አሜን» ያልኩ እኔ ነበርኩ። አደይ አበባው ሳይረግፍ ከቡሬ በታች ውጊያ ሆነ። ቢያድግልኝ ተመትቶ ሞተ። ባለቤቴ አጠገቡ ነበር፤ ጥይት አልነካውም። አባቴም በዚያው ሰሞን ዐረፉ፤ ትክክለኛውን ስም የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

እግዚአብሔር የሚሰማው ስሙን ነው ወይስ የሚያየው እንባውን? ስሙን ከሰማ ቢያድግልኝን የነጠቅሁት እኔ ነኝ። እንባዋን ካየ ታዲያ ስለ ምን ሞተ? ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጠይቄአለሁ፣ መጻሕፍትም አገላብጬአለሁ፤ ዛሬም አላውቀውም። እናኑ የባሏን ተዝካር ስታወጣ ካህናቱ «ኃይለ ማርያምን ይማርልን» ይላሉ፤ ያ ኃይለ ማርያም ግን ከድግሱ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ስሙን ሸሽጎ የኖረ ሰው ነውና ምንም አይልም። እኔም ወጥ አወጣለሁ።

ባለፈው ወር ለባለቤቴ ፍትሐት ሲደረግ ስሙ ተጠራ። እናኑ እጄን ጨበጥ አደረገች።

«አንቺ! ሞክሼዎች ኖረዋላ! እንግዲህ ለሁለቱም በአንድ አፍ እለምንላቸዋለሁ።»

በለቅሶ መሀል ፊቷ በራ። እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን እንደገና ዋሸኋት።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ጦርነት ነበር አልልም። ዘንድሮም ሩፋኤል ደርሷል። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የማነበው ለእናኑ ነው፣ ወደ ዝናቡ ሳትወጣ። የምትለኝን አላውቅም፤ የምትለኝ ሁሉ ይገባኛል። ከእሷ በኋላ የምታነቡት ሁሉ ለአዲሱ ዓመት ስትቆሙ ወልደ ገብርኤልን ጥሩልኝ። ስሙ ይህ ነው። እስከ ዛሬ በስሙ የለመነለት የለም። የእኔን ስም ተዉት።