ከአዋሽ እስከ ሰመራ በሮዳጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም አዲስ ቀይ ሞተር ሳይክል እየነዳች ግቢያችን ገባች። ሰመራ የምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ሞተሩን አዳማ ገዝታ፣ አዋሽ እኛ ጋ አድራ፣ ጠዋት ወደ ሥራዋ ልትቀጥል ነበር። ሞተሩን ስታጠፋው፣ የአዲስ ጭስ ማውጫ ቀለም በሙቀት ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን መታው። እናቷ "ይሄን ጉድ ማን ግዢ አለሽ?" እያለች ስትቆጣ እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በሐሳብ ወደ ሃያ ሦስት ዓመቴ ተመለስኩ።

ያደግኩት እዚሁ አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ነው። በእንስሳት ጤና ሰልጥኜ ሰመራ ተቀጠርኩ። ሰመራ ያኔ ነፋስና ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ቢሮው ለክትባት ሥራ አንድ ሞተር ሳይክል ሲያገኝ ሞተሩ አዋሽ ድረስ በባቡር መጣና፣ የአዋሽ ልጅ ስለሆንኩ አንተ ነድተህ አምጣው ተባልኩ። ማን እንደመረጠው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ፍየል ልንከትብበት የመጣው ሞተር ለእሽቅድምድም የተሠራ ነበር! ገና የነዳጅ እጀታውን ጠምዘዝ ሳደርገው ከሥሬ ሊያመልጥ ይቃጣዋል።

ኃላፊዬ በስልክ ያለኝ አጭር ነው። ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆን የሙከራ ጊዜህ እዚያው አዋሽ አበቃ አለኝ። አባቴ ታሞ ከባቡሩ ሥራ ከቀረ ከርሞ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ የሚያየው እኔን ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ኑሩ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ስማ ዳኜ፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ገና አልተዋወቁም። ካጣደፍካቸው ይጣላሉ፤ ከተጣሉ ደግሞ አስታራቂ የላቸውም።"

ሮዳጅ ማለት ይኸው ነው። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ድረስ አይሮጥም፣ በአንድ ፍጥነትም ሲጎተት አይውልም፣ ቶሎ ቶሎ እየቆመ ይበርዳል። ሰመራ አጠገብ ያለችው ሎጊያ ስትደርስ ዘይቱን ቀይር አሉኝ። እሺ፣ እሺ አልኩ። ልቤ ግን ከገዋኔ ወዲያ ባለው ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ነበር። ጋሽ ኑሩ ይህን ሳያዩብኝ አልቀሩም። በማግስቱ ጠዋት ልነሳ ስል አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አባ ሁመድ ይባላሉ፣ ፍየል ሸጠው ወደ ቀያቸው የሚመለሱ አፋር ናቸው። ጋሽ ኑሩ "ከገዋኔ አለፍ ብሎ ታወርዳቸዋለህ፣ ኢንሻአላህ" ብለው ከኋላዬ አስቀመጧቸው።

ወይ ጣጣ! ገና አዋሽ አርባን እንዳለፍን ከፊታችን ግመል የሚነዳ ሰው መጣ፤ አባ ሁመድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ቆምኩ። ወርደው ተቀመጡ፣ ሰውየውም ተቀመጠ፤ ዳጉ ተጀመረ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ያየውን፣ የሰማውን፣ የት ዝናብ እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ምን እንግዳ ነገር በመንገዱ እንደሚያልፍ አንድ በአንድ ይነግራል፤ ከዚያ የሌላውን ይሰማል። ወግ ብቻ አይደለም፣ ግዴታ ነው። እኔ አፋርኛ አንድ ቃል አላውቅም። ፀሐይ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ተነስተን ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ትከሻዬ መታ መታ ይደረጋል። ስንት ጊዜ እንደቆምን ቆጠራውን ተውኩት። በየዳጉው መሃል ሰዎቹ ቀና ብለው ሞተሩን ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሞተሩ የተደነቁ መስሎኝ ኮራ ብዬ ቆምኩላቸው። አይ ሞኝነቴ!

ገዋኔ ለምሳ አረፍን። አባ ሁመድ የፍየል ጥብስ አዘዙ፤ የሰኔ ጾም ስለነበር እኔ በርበሬ የበዛበት ሽሮ በላሁ፣ በዚያ ወበቅ። ከአጠገባችን ጅቡቲ የሚሄድ ከባድ መኪና ቆሞ ነበር። አባ ሁመድ ሹፌሩ ዘንድ ሄደው ብዙ አወሩ። መኪናው ቀድሞን ወጣ። እኛም ተከትለን ትንሽ እንደተጓዝን፣ አንዲት የግራር ዛፍ ጋ ሲደርሱ አውርደኝ አሉኝ። እጄን ይዘው መረቁኝ፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙና ሄዱ። ልንገራችሁ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። መንገዱ ባዶ፣ ሰማዩ ባዶ። እጀታውን ጠመዘዝኩት። ሸሚዜ ተነፋ፣ ዓይኔ በነፋሱ አለቀሰ፣ የሞተሩ ጩኸት ደረቴ ውስጥ ገባ። ጮክ ብዬ ስስቅ ትዝ ይለኛል። የጋሽ ኑሩ ምክር፣ የአባቴ ሕመም፣ የኃላፊዬ ቁጣ ሁሉም ከኋላዬ ከአቧራው ጋር ቀረ። እንደዚያ ለምን ያህል ጊዜ እንደጋለብኩ አላውቅም።

ድንገት አንድ ሰው አስፋልቱ መሃል ቆሞ አየሁ። በትሩን በሁለት እጁ አግድም ይዟል። ምን ነካው ብዬ እየተናደድኩ ፍሬን ያዝኩ። ሰውየው ቀረበ። መዳፉን ወደ ሞተሩ አስጠጋ፣ እንደተቃጠለ ሰው ቶሎ መለሰ። ያኔ ነው ሽታው የመጣልኝ፤ የቀለም ሳይሆን የተቃጠለ ዘይት ሽታ። ከሲሊንደሩ ዙሪያ ስስ ጭስ ይወጣል። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። አባቴን አሰብኩ።

"ይተንፍስ" አለኝ ሰውየው።

ከመንገዱ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ሴት በቅል የግመል ወተት ይዛ መጣች። ጾም ነኝ ልል አፌን ስከፍት፣ በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

"ሹፌር ነገረን። ሁመድ ብሏል፦ ልጁ ብቻውን ከሆነ ይሮጣል። አስቁሙት፣ ወተት ስጡት፣ ሞተሩ ሳይበርድ አትልቀቁት።"

ቅሉን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጭስ ጭስ የሚል፣ ለብ ያለ ወተት ነበር። እያለቀስኩ ነው የጠጣሁት፤ በነፋሱ ነው እንዳልል ቆሜያለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሎጊያ ሦስት ቦታ አስቆሙኝ። ሚሌ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ገና ከሩቅ "ና፣ አንተ ሯጭ!" ብላ ጠራችኝ። ከሽማግሌው ሹፌር፣ ከሹፌሩ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት እረኛ፤ ወሬዬ ቀድሞኝ ነበር።

ሎጊያ ያለው መካኒክ ዘይቱን ሲያፈሰው ጠቁሮ ነበር፣ የብረት ብናኝም ያብለጨልጭበታል። በጣቱ አሽቶ ካየው በኋላ፣ ትንሽ ገፍተኸው ቢሆን ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀር ነበር አለኝ። ማታውኑ ሰመራ ገባሁ። ኃላፊዬ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠና "ደህና ይዘኸዋል" አለ። የርክክቡን ወረቀት ቶሎ ፈርሜ ወጣሁ። በዚያ ሞተር አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ፤ አፋምቦ ድረስ እየሄድኩ ስንት ከብት ከተብኩ። አባቴንም አሳክሜ፣ አግብቼ፣ ሰላምን የወለድኩት በዚያ ሥራ ነው።

በዓመቱ የክትባት ዘመቻ አባ ሁመድ ቀዬ አደረሰኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ያን ቀን ለእኔው ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ላንተማ ኑሩ ነግሮህ የለ? ሰማኸው?" አሉኝ።

ዛሬ ጋሽ ኑሩም አባ ሁመድም የሉም። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

እና ያን ምሽት ሰላም ስለ አዲሱ ሞተሯ ስታወራ፣ ሮዳጅ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ነገርኳት። "እሺ አባዬ፣ እሺ" አለችኝ፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ። ያንን እሺ አወቅኩት። ነጠላዬን ደረብኩና ከባድ መኪኖች ወደሚቆሙበት ወረድኩ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ አንድ አፋር ሹፌር ሻይ ሲጠጣ አገኘሁ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ የሱን ወሬ ሰማሁ፣ የኔንም ነገርኩት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሰላም ከሰመራ ደወለች። በሰላም ገብታለች።

"አባዬ፣ የዚህ መንገድ ሰው ግን እንዴት ደግ ነው!" አለችኝ። "አራት ቦታ አስቁመው ወተት አጠጡኝ።"