ጌታዬ ያጻፈኝ የምሕረት ደብዳቤ

ትናንት አንድ ወጣት ቄስ ከደብረ ታቦር እኔ እስካለሁበት እስከ ገሳይ ድረስ መጥቶ ደጄ ተቀመጠ። የቀድሞ ጌታዬን፣ የዚያን ስመ ጥር የጦር አበጋዝ፣ የግል ደብዳቤዎች እየሰበሰበ ነው። "አንቱ ጸሐፊያቸው ነበሩ አሉኝ። መቼም አንደበታቸው ማር ነበር፤ እስቲ ያጫውቱኝ" አለኝ። ማር! ማሩንስ እስከ ቀፎው ድረስ አውቀዋለሁ። ስሙን አልጠራም፤ አንቱታውንም ነፍጌዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ምን ይለኛል?

ያን ጊዜ አፍላ ጎረምሳ ነበርሁ። ጌታዬ ለባለቤቱና ለንስሐ አባቱ የሚልከውን እየተንጎራደደ ይናገራል፤ እኔ መሬት ተቀምጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በመቃ ብዕር እጽፋለሁ። አገር የሚፈራው ሰው ልጁ ታመመ ሲባል እንባው ይመጣ ነበር። ከገበታው በእጁ አጉርሶኛል። ወደድሁት፤ ምን ልዋሽ!

ታላቅ ወንድሜ ግን ጉና ላይ ሸፍቶ ነበር። የጌታዬ ወታደሮች የዓመት ገብሱን ከጎተራ ቢያራግፉበት አንዱን በዱላ መትቶ ተራራ ወጣ። መስቀል አልፎ አደይ ሲረግፍ ጌታዬ ዋናውን ጸሐፊ አስወጥቶ እኔን አስጠራኝ።

"ለወንድምህ ጻፍለት። ምሬሃለሁ፣ ድንጋይህን ተሸክመህ ግባ በለው። ብነካው መስቀሉ ይፍረድብኝ።"

እግሩ ላይ ወድቄ ሳምሁት። ከደስታዬ ብዛት ቃሉን እንዳለ፣ መሐላውንም ጨምሬ ጻፍሁት።

ወንድሜ ደብዳቤው ደርሶት መጣ። ምሕረት ለማኝ እንደሚያደርገው ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ አቧራ ለብሶ። እህል ሳይቀምስ ይመጣል ብዬ በሶ በጥብጬ እጠብቀው ነበር። ወጉ ጌታው "ጣለው፣ ምሬሃለሁ" ማለት ነው። ጌታዬ ግን ወደ ዘበኞቹ ዞሮ "ሰንሰለት አምጡ!" አለ።

"ኧረ ጌታዬ! መሐላዎስ?" ብዬ ጮኽሁ።

"አንተ ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። "ዋናው ጸሐፊ ቢጽፍለት ያምን ነበር? አንተን ብዕር ያስያዘህ እሱ አይደል?"

እውነቱን ነው፤ ፊደል አጣጣል ያሳየኝ ወንድሜ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉት እንዲህ ነው። ወንድሜ ድንጋዩ ገና ከጫንቃው ሳይወርድ ቀና ብሎ አየኝ። "ጽሕፈትህን ባላይ አልመጣም ነበር" አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ላስረዳው ስጠጋ ዘበኞቹ ገፍትረው ጣሉኝ፤ እሱን እስረኛ ወደሚታጎርበት አምባ ወሰዱት። ክረምት ሲገባ እዚያው በሰንሰለት እንዳለ ሞተ አሉኝ።

ለወጣቱ ቄስ ይህን ነገርሁት። ጌታዬ ጦር ነበረው እኮ! በጦር ቢይዘው አንድ ነገር ነው። ወንድሜ በእኔ ላይ የነበረውን እምነት ሰርቆ፣ በዚያው አሰረው። ይኸው ስንት ዘመን ኖሬ፣ ወንድሜ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሲሞት ከእኔና ከጌታዬ ማንን እንደረገመ አላውቅም።