የባፈና ዳስ

ባፈና አጎቷ ዘርግቶ የያዘላትን ነጭ ቀሚስ አየችው እንጂ እጇን አልሰደደችለትም። የፈረንጅ ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ጠባብ፣ አንገቱ በዳንቴል የተከበበ። አጎቷ ሰጠኝ የግንባሩን ላብ በመዳፉ እየጠረገ፣

«ካፒቴኑ ነው የላከልሽ» አላት። «ሠርግሽን እሱ ሊደግስልሽ ነው፤ ምሽጉ ግቢ፣ ባንዲራው ሥር። ዱቄቱም ስኳሩም ከእሱ ነው። አንቺንና እጮኛሽን አዛናውን ፎቶግራፍ ያነሳችኋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ክብር ለማን ደርሶ ያውቃል?»

ጊዜው ጥር 1931 ዓ.ም. ነበር፤ ጣሊያን መተማን ይዞ ምሽግ ሠርቶ ተደላድሏል። ከዚያ በፊት በነበረው አጨዳ ወታደሮቹ አርበኛ ፍለጋ ወደ ጓንግ ወንዝ ወርደው፣ ታጭዶ የቆመውን የባፈና አባት ሰሊጥ ላይ እሳት ለቀቁበት። ሰውዬው ነዶውን ሊያተርፍ ሲሮጥ በጥይት መቱት። ወታደሮቹን የላካቸው ይኸው ካፒቴን ነው። ሰጠኝ ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሐዘኑ ሳይወጣ ነበር ከካፒቴኑ እጅ ሹመት የተቀበለው።

«አጎቴ፣ አባቴ የሞተበትን እሳት ማን ነው ያስለኮሰው?» አለችው ባፈና።

«የሞተው ሞቷል። ለኔስ ወንድሜ አልነበረም?»

«ወንድምዎ ነበር። ታዲያ ፎቶግራፉ ላይ እሱን የት ሊያቆሙልኝ ነው?»

ሰጠኝ ቀሚሱን መደብ ላይ ጥሎ፣ «ለመድኃኔዓለም ማግስት ተዘጋጂ» ብሎ ወጣ።

እናቷ ወይዘሮ አሰበች ማዕዘኑ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ አንድ ቀን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቆመሽ ብትመለሽ ምን አለበት? አንቺንም እንዳላጣሽ ነው።»

«እማዬ፣ እነሱ ያቃጠሉትን እህል መልሰው በዱቄት ሊያበሉኝ ነው እኮ! እኔም ስቄላቸው፣ ‹ይኸውላችሁ፣ የመተማ ሰው ደስ ብሎታል› ተብሎ ለአገራቸው ሊላክ ነው። አባቴ መቃብሩ ሳር እንኳ አላበቀለም።» ቀሚሱን በሁለት ጣቷ አንሥታ ከደጅ አጥሩ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ግን ልጅቱ ስትነሣ እናቷ ብቅል ሲወቅጡ አገኘቻቸው። «ለጠላው ማሽላው ይበቃናል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሌላውን ሰው ይጨምርበታል።»

እጮኛዋ አዛናው ብዙ የማያወራ ገበሬ ነው። ነገሩን ስትነግረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን እየሳለ ሰማትና፣ «እዚያ ግቢ ከቆምኩ እኮ አንቺን አገባሁ አይባልም፤ ለጣሊያን ገባሁ ነው የሚባል» አላት። «የት ይሁን ትያለሽ?»

«አባቴ እርሻ ላይ። የተቃጠለው ላይ።»

አዛናው ማጭዱን አስቀምጦ አያት። «እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰው አላጣም። አዛናውና ጓደኞቹ ጫካ ወርደው ሽመል ቆርጠው በትከሻቸው አመጡ፤ ጥቁሩን መሬት ጠርገው ዳስ ጣሉበት። የጎረቤት ሴቶች ጣሪያውን በሰሊጥ አገዳ ከደኑት፤ በየምሰሶው የማሽላ ዛላ አሰሩበት። ከበሮውን ጣሊያን ለአርበኛ ምልክት ይሆናል ብሎ ከየቤቱ ሰብስቦ ወስዷል። ስለዚህ ልጃገረዶቹ ባዶ የጋዝ ቆርቆሮ ገልብጠው እየመቱ ዘፈን ማጥናት ያዙ። መጀመሪያ ድምፁ አሳቃቸው፤ ኋላ ለመዱት።

የሙሽራ ቀሚሷ የባፈናና የዘሊካ ሥራ ነበር። ዘሊካ የጨርቅ ነጋዴው የሷሊህ ልጅ ናት፤ ከባፈና ጋር አንድ አጥር ተደግፈው ነው ያደጉት። ከአባቷ ሱቅ አቡጀዲድ፣ ከእናቷ የሱዳን ልብስ፣ ከቶቡ ጠርዝ ደግሞ የተመዘዘ ወይን ጠጅ ክር ይዛ መጣች።

«የመስቀሉን ጥልፍማ ሁሉም ይጠልፈዋል» አለቻት። «አንቺ የምትወጂው ምንድን ነው?»

«የሰሊጥ አበባ» አለች ባፈና።

ሁለቱም የሰሊጥ አበባ ተጠልፎ አይተው አያውቁም። ጠልፈው ፈቱት፣ ደግመው ጠለፉት። አንዱ ቅጠል ከሌላው ገዝፎ ወጣ፤ እንዲሁ ተዉት። ሷሊህም ለሙስሊሞቹ እንግዶች በእጃቸው የሚያርዱት ፍየል እንደሚያመጡ ልከው አስታወቁ፤ «የሟቹን እንጀራ አብረን በልተናል፤ የልጁን ሠርግ በባዳ ድንኳን አላየውም» ነበር መልእክታቸው።

ቄስ ገብረማርያም ግን ነገሩን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡ። «ጸሎቱን በማለዳ እናድርሰው» አሉ። «ወታደሮቹ ቢመጡም ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ይሁን።»

እንዳሉትም ሆነ። ፀሐይዋ ሳትከር ጸሎቱ አልቆ፣ ሰዉ ዳስ ገብቶ መብላት እንደጀመረ፣ ሰጠኝ የባንዳ ወታደሮች አስከትሎ መጣ።

«ካፒቴኑ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ካሜራውን አስተክሎ ይጠብቃል!» ብሎ ጮኸ። «ምን ትሠራላችሁ እዚህ? ሙሽራይቱ ትነሣ!»

ባፈና ተነሥታ ከዳሱ ወጣች። ከተወለደች ጀምሮ «አንቱ» ስትለው የኖረችውን ሰው ፊት ለፊት ቆማ፣

«አንተ ሰጠኝ» አለችው።

የሚበላው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«የቆምክበትን መሬት ዝቅ ብለህ እየው። ወንድምህ የወደቀበት ነው። እዚህ መጥተህ አንድ ቀን አልቅሰሃል? ዛሬ ግን ልጁ ለገዳዩ እንድትስቅለት ልትወስዳት መጣህ። አልስቅም! ጎትተህ ውሰደኝ፤ እያለቀስኩ ያንሳኝ!»

የሰጠኝ ፊት ተለዋወጠ። ካፒቴኑ የሚስቅ ፊት እንጂ የሚያለቅስ እንደማይፈልግ ያውቃል። ቄሱም፣ «ጋብቻው ተፈጽሟል፤ አልቋል» አሉት። መግቢያ ቢያጣ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ፣ «አፍርሱት!» አለ።

ወታደሮቹ ምሰሶዎቹን በገጀራ መቱ። ዳሱ በሰዉ ላይ ወረደ፤ የጠላው ጋን በእርግጫ ተሰበረ፤ ወጡ መሬት ፈሰሰ። ወይዘሮ አሰበች እሪ አሉ። አዛናውና ጓደኞቹ ዱላቸውን ሲያነሡ ባፈና የባሏን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ጠመንጃ ይዘዋል፤ ምክንያት አትስጣቸው» አለችው።

«ነገ ሁለታችሁም ምሽግ ትቀርባላችሁ» ብሎ ሰጠኝ ሄደ።

የሄደ እንግዳ ግን አልነበረም። አገዳውን ከላያቸው አራግፈው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው የተረፈውን ተካፈሉ። ዘሊካ የተጨማደደውን ቆርቆሮ ከፍርስራሹ አውጥታ መታችው፤

«ሽመሉን ሰበሩት፣ ይስበሩት ግዴለም፣
የሙሽራይቱን ቤት የሚያፈርስ የለም።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እልል ሲሉ እንባቸው ይወርድ ነበር።

ሙሽሮቹ ምሽግ አልቀረቡም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በቋራ መንገድ ወጡ፤ በገለጉ በኩል ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀሉ። የበኩር ልጃቸውን ባፈና ዋሻ ውስጥ ወለደች። እሷን ያጡት ወታደሮች ግን ወይዘሮ አሰበችን ወስደው አሰሯቸው። ሷሊህ አማላጅ ሆነው እስኪያስፈቷቸው ድረስ ንዳድ ይዟቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጤና አላገኙም።

ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ባፈናና አዛናው ተመልሰው ያንኑ መሬት አረሱ። አንድ ቀን ሰጠኝ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው መጣ። ሽማግሌዎቹ፣ «ጊዜው ነው ያሳሳተው፤ ሁሉም ሰው ፈርቶ ነበር» አሉ።

«ሁሉም ሰው ፈርቶ ነበር» አለች ባፈና። «እናቴ ፈርታ ነበር፤ ብቅል ወቀጠች። ሷሊህ ፈርተው ነበር፤ ፍየል ይዘው መጡ። ስለ ፍርሃት አትንገሩኝ። እሱ ‹አፍርሱት› ሲል የካፒቴኑ አፍ አልነበረም፤ የገዛ አፉ ነው። እናቴ ትማረው፤ የታሰረችው እሷ ናት። እኔ አልምርም።»

ወይዘሮ አሰበች ማሩት። ድንጋዩን ከትከሻው አስወርደው ውሃ ሰጡት። ባፈና ግን ፊቷን ወደ አውድማው መለሰች፤ የሰሊጡን ነዶ አንሥታ እያራገፈች፣ ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ ድረስ ቀና አላለችም።